ለክረምት የልጆች ፕሮግራም የመድኃኒት ደንብ ስታወጡ

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ባለ አንድ ግቢ ውስጥ በየክረምቱ ለሚካሄድ የልጆች ፕሮግራም የጤና ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ፤ ወላጆችም ልጆችም «ሲስተር» ይሉኛል። ሰኔ ሲያልቅ ተመሳሳይ ፕሮግራም ሊከፍቱ ያሰቡ ሰዎች «እባካችሁ ደንባችሁን ላኩልን» እያሉ ይደውላሉ። አብዛኞቹ ከውጭ አገር ካምፖች የተገለበጠ ቅጽ በእጃቸው አለ። ቅጹ ክፉ አይደለም፤ የእኛን ሰዓት፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠርና የእኛን አያቶች ግን አያውቅም።

የመጀመሪያው አንቀጽ አጭር ይሁን፦ ቤት ሊሰጥ የሚችል መድኃኒት ቤት ይሰጥ። እኛ ጋር ልጆች የሚቆዩት ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 9:30 ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት ወደ ግቢው የሚመጣበት ምክንያት የለም። በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘ ከሆነ ወላጅ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቅ፤ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ሲመለስና ሊተኛ ሲል መስጠት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ይህ አንቀጽ ክብርም ይጠብቃል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን ቤቱ ወስዶ ይመጣል፤ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ቅጻችሁም የበሽታ ስም እንዲጻፍ አያስገድድ። እኔ ማወቅ ያለብኝ ልጁ እዚህ ሳለ ምን ሊገጥመው እንደሚችል፣ ያኔ ምን እንደሚደረግለትና የትኛው መድኃኒት ወይም ምግብ እንደማይስማማው ነው።

ግድ ሆኖ የሚመጣ መድኃኒት በአዋቂ እጅ ይምጣ፤ በልጁ ቦርሳ ከምሳ ዕቃው ጎን ተሸጉጦ አይደለም። በወረቀት የተጠቀለለ ሁለት ፍሬ ኪኒን አንቀበልም። ከነካርቶኑ፣ ፋርማሲው ከለጠፈው ጽሑፍና ከማዘዣው ቅጂ ጋር መሆን አለበት። ስም እስከ አያት ይጻፍ። በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ሦስት ዮናታን መኖር የተለመደ ነው፤ የአባት ስምም የሚገጥምበት ጊዜ አለ። በካርዱ ላይ የልጁ ፎቶግራፍ ከተለጠፈ እኔ ባልኖር የሚተካኝ ሰው አይሳሳትም።

ስትቀበሉ ወላጁ ፊት ካርቶኑን ገልብጡና የማብቂያውን ቀን አብራችሁ አንብቡ። 06/2025 ተብሎ የታተመ መድኃኒት የሚያገለግለው እስከ ሰኔ 23 ቀን 2017 ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ግን «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በየክረምቱ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሽሮፕ ይዞ የሚመጣ ወላጅ አይጠፋም፣ የተማሩትም ጭምር። ሰዓቱም ያው ነው። ማዘዣ ላይ 8:00 ተብሎ ከተጻፈ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው፤ መምህሩ ቀን 8 ሰዓት ላይ ከሰጠው ስድስት ሰዓት ዘገየ። ስለዚህ በእኛ ቅጽ ላይ ሰዓት በቁጥር ብቻ አይጻፍም። «ከምሳ በኋላ፣ ቀን 7 ሰዓት» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

መጠኑ በሚሊ ሊትር ይገለጽ፤ «አንድ ማንኪያ» የሚል ቃል ከቅጹ ይውጣ። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው አለ። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፦ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ። በዓይን ከለካችሁት ሳታውቁት እጥፍ ትሰጣላችሁ። ለልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በቀጭኑ (በ120ው) ሽሮፕ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። በሁለት ጊዜ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይለፍ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አይበልጥ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም በሚዛን መዝኑ፤ በዕድሜ አትገምቱ። ከመስጠቴ በፊትም «ዛሬ ጠዋት ቤት ምን ወሰደ?» ብዬ ለወላጅ ሳልደውል ጠርሙስ አልከፍትም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ በሣጥናችሁ ውስጥም አይገኝ።

መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አንድ ይሁን፣ የሚተካውም በስም ይታወቅ። ሣጥኑ ይቆለፍ። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ስም፣ መጠን፣ የሰጪና የታዛቢ ፊርማ ይስፈር፤ ልጁ አልውጥም ካለ ወይም ካስታወከም ይጻፍ እንጂ በድጋሚ አይሰጠው።

የቤት መድኃኒት ላይ ቁጡ አትሁኑ። አንዲት አያት የተጨመቀ ዳማከሴ በትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡ። «ሲስተር፣ ይቺ እኮ መድኃኒት አይደለችም፤ ምች እንዳይመታው ቀን ቀን አፍንጫው ላይ ጠብ አድርጊለት» አሉኝ። «እማማ፣ ካዳነችው መድኃኒት ናት፤ መድኃኒት ከሆነች ደግሞ የሐኪም ወረቀት ትፈልጋለች» ስላቸው ሳቁ፣ ጠርሙሷንም ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ተመለሱ። ደንባችን ይኸው ነው፦ ዳማከሴም፣ ፌጦም፣ ጤና አዳምም ቤት ይቆዩ፤ ምን እንደተሰጠው ግን ይነገረን። ቅጹ ላይ «ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ቤት የምትሰጡት ነገር አለ?» ብላችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ከጠየቃችሁ ሰው ይጽፋል፤ «የተከለከለ» የሚል ቃል ካስቀደማችሁ ይደብቃል። በግቢው ውስጥ ግን ለሠራተኞች የማልለሳለስባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በደማ ቁስል ላይ ቡና አይነሰነስም፤ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይጫናል። በቃጠሎ ላይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት።

ቁልፍ የማይነካው አንድ መድኃኒት አለ፤ እሱም የአስም ኢንሄለር ነው። ሰማያዊው ሳልቡታሞል ከልጁ ጋር ወይም አብራው ካለችው መምህርት አንገት ላይ በተንጠለጠለች ቦርሳ ውስጥ ይሁን። እኔ ቁልፍ እስክፈልግ ልጁ አይጠብቅም። ልጆች በቀጥታ አፋቸው ውስጥ ሲረጩት አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ስለሚቀር ስፔሰር (በኢንሄለሩና በልጁ አፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ያስፈልጋል፤ ዋጋው ከከበደ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሠራል። የጠርሙሱ ቂጥ ላይ የኢንሄለሩን አፍ ልክ የሚይዝ ቀዳዳ ትከፍታላችሁ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ትዘጋላችሁ፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይስባል። ኢንሄለሩን ነቅንቃችሁ አንድ ጊዜ ትረጫላችሁ፤ ልጁ አራት አምስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይረጫል። ሐምሌ ቅዝቃዜው ይበረታል፤ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ደግሞ የተራራው ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኢንሄለሩን የረሳ ልጅ ያን ቀን አውቶቡስ አይሳፈርም። ያለቅሳል፤ ያልቅስ።

የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ሠራተኞችን ሁሉ ሰብስባችሁ አስተምሩ፤ የጥበቃውንና የወጥ ቤቷን ሠራተኛ አትርሱ፤ ክብሪት ይዘው የሚሮጡት እነሱ ናቸው። ክብሪት አይሸተትም፣ ማንኪያ በጥርስ መካከል አይገባም፣ እጅና እግር ተይዞ አይታሰርም። ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ነው። ጠበል የሚጠመቅ ከሆነ መልካም፤ መድኃኒቱ ግን በድንገት መቋረጥ እንደሌለበት ለወላጅ በግልጽ ንገሩ፤ ድንገተኛ ማቆም ራሱ ይጥላል።

ፍልሰታን ማንም የውጭ ቅጽ አያስታውሳችሁም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ብዙ ልጆች ይጾማሉ፤ አስቀድሰው የሚቆርቡ አሉ፣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምሱም አሉ። «ከምግብ በኋላ» የሚል መድኃኒት ያኔ መቼ ይሰጥ? ይህን ከሐምሌ መጨረሻ በፊት ከወላጅ ጋር ተነጋገሩ። ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ግን ያለ ሐኪሙ ምክር እንዳይጾም በጽሑፍ አስፍሩ፤ የንስሐ አባቱም ቢጠየቁ ፈቃድ አይነፍጉም። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ነገር ካምታታ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ የደሙን ስኳር ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይግባ። የተከፈተ ኢንሱሊን በአዲስ አበባ ክረምት ያለ ፍሪጅ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ስለዚህ መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ። የሚያበላሸው በረዶ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ካኖራችሁት ከበረዶ ቤቱ አርቁት።

ትኩሳት በቴርሞሜትር ይለካ እንጂ በእጅ መዳፍ አይገመት። 38 ከደረሰ ልጁ ወደ ቤት ይሄዳል፤ የሚመለሰውም ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ትኩሳት ሳይኖረው ሲቆይ ነው። ለተቅማጥና ለትውከት 48 ሰዓት እንጠብቃለን። ወላጅ እስኪደርስ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን ሙሉውን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በብርጭቆ እየቆነጠሩ መበጥበጥ አይፈቀድም። ዝናብ ዘንቦ መንገድ ሲዘጋ ወላጅ ሊዘገይ ስለሚችል የሁለተኛ ተጠሪ ስልክ የሌለውን ቅጽ አትቀበሉ።

አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል 907ን፣ የከተማው እሳትና አደጋ 939ን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከሥሩ ግቢው የሚገኝበትን አቅጣጫ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ የደነገጠ ሰው «ሰማያዊው በር» ከማለት በቀር ምንም አይወጣውም። ለእኛ የካቲት 12 ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ወደ ፍልውሃ ለምትቀርቡ ዘውዲቱ ይቀላል። ወደ ሙዚየምም ሆነ ወደ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስትወጡ የልጆቹ ካርድና የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት አብሮ ይውጣ።

ፕሮግራሙ ሲዘጋ የተረፈውን መድኃኒት ወላጅ ፈርሞ ይውሰድ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያልተወሰደውን ፋርማሲ ጠይቃችሁ አስወግዱ፤ ለከርሞ አታስቀምጡት፣ ሽንት ቤትም አትጣሉት።