ከቢሊዮን ወደ ፈረሱላ፦ ትልልቅ የገንዘብ አኃዞችን አንብቦ ለመረዳት

ጅማ ውስጥ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) የሚገዛ አቅራቢ በኪሎ የ5 ብር ልዩነት ላይ ረጅም ሰዓት ሲከራከር ማየት የተለመደ ነው። 5 ብር በፈረሱላ (በ17 ኪሎ) 85 ብር፣ በኩንታል ደግሞ 500 ብር መሆኑን ወረቀት ሳያወጣ ያውቀዋልና ክርክሩ አግባብ አለው። ይኸው ሰው ማታ በዜና አንድ ግንባታ 8 ቢሊዮን ብር ፈጀ ሲባል ሰምቶ በማግስቱ አኃዙ ወደ 18 ቢሊዮን ቢታረም፣ ሁለቱም «ብዙ ገንዘብ» ሆነውበት ያልፋሉ። ሒሳቡን የሚችል ሰው ነው፤ ያጣው እንዲህ ያለውን አኃዝ የሚሰፍርበት መስፈሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ መስፈሪያውን እንዴት ማበጀት እንደሚቻል ያሳያል።

በመጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ ይጠቅማል። ሰው ሳይቆጥር በአንድ እይታ በትክክል የሚለየው ሦስት ወይም አራት ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ይገምታል፤ ግምቱም ቁጥሩ እየተለቀ በሄደ ቁጥር እየተጨመቀ ይሄዳል። በ10 እና በ20 መካከል ያለው ርቀት በ1,010 እና በ1,020 መካከል ካለው እጅግ የሰፋ የሚመስለን ለዚህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናውያኑ ተመራማሪዎች ኧርነስት ቬበር እና ጉስታቭ ፌሽነር በክብደትና በሌሎች የስሜት ሕዋሳት ላይ ያሳዩት ጠባይ በቁጥርም ላይ ይታያል። በመሆኑም ሚሊዮን፣ ቢሊዮንና ትሪሊዮን ተከታትለው ሲጠሩ እኩል ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ግን ከፊተኛው 1,000 ጊዜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ተሳታፊዎችን ከ1 ሺህ እስከ 1 ቢሊዮን በተሰመረ መስመር ላይ ሚሊዮን የሚውልበትን ቦታ እንዲያመለክቱ ጠይቆ ነበር፤ ከመካከላቸው በርካታ ሰዎች ወደ መስመሩ አጋማሽ አካባቢ አመለከቱ። እርስዎም በልብስ ሰፊ ሜትር ሊሞክሩት ይችላሉ። 100ኛው ሴንቲ ሜትር ቢሊዮን ከሆነ፣ ሚሊዮን የሚያርፈው ከመነሻው አንድ ሚሊ ሜትር ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሥራው እንግባ። ትልቅ አኃዝ የያዘ ዜና ወይም ሪፖርት ሲያነቡ፣ ከሁሉ በፊት ገንዘቦቹን በሙሉ በአንድ መለኪያ መልሰው ይጻፉ። «1.2 ቢሊዮን» እና «900 ሚሊዮን» ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን የሚያርፈው 900 ላይ ነው፤ «1,200 ሚሊዮን» እና «900 ሚሊዮን» ተብለው ሲጻፉ ግን የትኛው እንደሚበልጥና በምን ያህል እንደሚበልጥ ማብራሪያ አያሻውም። ቀላል ቢመስልም አብዛኛው ስሕተት የሚወገደው እዚህ ላይ ነው።

መጠኑ አሁንም ካልተጨበጠልዎ ገንዘቡን በእጅ እንደሚቆጠር አድርገው ያስቡት። አንድ የባንክ ገንዘብ ያዥ ያለ ማሽን፣ በሰከንድ አንድ ባለ 200 ብር ኖት ይቆጥራል እንበል። 1 ሚሊዮን ብር 5,000 ኖት ስለሆነ በአንድ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። 1 ቢሊዮን ብር ግን በቀን ስምንት ሰዓት ሳያርፍ ቢቆጥር 174 የሥራ ቀን ያህል ይፈጅበታል። ትሪሊዮን ላይ ሲደርስ እሑድና በዓል እንኳ ሳይቀር ቢሠራ ከ470 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለው ምስል የገንዘቡን ግዝፈት ያሳያል እንጂ ገንዘቡ በዛ ወይስ አነሰ ለሚለው መልስ አይሰጥም። መልስ የሚሰጠው ማካፈል ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ዘዴዎች አብልጦ ሊለመድ የሚገባውም እርሱ ነው። አካፋዩ እርስዎ በእጅዎ የሚያውቁት ነገር ይሁን፤ ለጅማ ሰው ደግሞ ከቡና የቀረበ የለም። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ 469 ሺህ ቶን ቡና ለውጭ ገበያ አቅርባ ወደ 2.65 ቢሊዮን ዶላር አግኝታለች። ቢሊዮኑ ብቻውን ከጭብጨባ በቀር ምንም አያስከትልም። 469 ሺህ ቶን 469 ሚሊዮን ኪሎ ነው፤ 2,650 ሚሊዮን ዶላር ለ469 ሚሊዮን ሲካፈል በኪሎ 5.65 ዶላር ገደማ፣ በ17 ኪሎ ፈረሱላ ደግሞ 96 ዶላር ያህል ይመጣል። አሁን አኃዙ ሚዛን ላይ ወጥቷል፤ ማንኛውም የቡና ነጋዴ በዕለቱ ምንዛሪ አባዝቶ ከራሱ የግዢ ዋጋ ጋር ሊያስተያየው ይችላል። ሲያስተያይ ግን ይህ የተፈለፈለና የተበጠረ ቡና አማካይ ዋጋ መሆኑን፣ ከጀንፈሉ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ እንደሚወገድ፣ በመካከሉም የማጓጓዣና የማዘጋጃ ወጪ እንዳለ መዘንጋት የለበትም።

የመንግሥት በጀትም በዚሁ መንገድ ይነበባል፤ አካፋዩ ሕዝብ ይሆናል። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። የአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር ላይ ያሉት ግምቶች ስለሚለያዩ በሁለት ጫፍ ማስላት ይሻላል፦ 110 ሚሊዮን ከተባለ ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 17,500 ብር፣ 135 ሚሊዮን ከተባለ ወደ 14,300 ብር ይደርሳል። በቀን ሲመነዘር ከ39 እስከ 48 ብር መሆኑ ነው። ይህ ድርሻ በነፍስ ወከፍ የሚታደል አይደለም፤ ከውስጡ ዕዳ ይከፈላል፣ ለክልሎች ድጎማ ይተላለፋል፣ ደመወዝ ይወጣል። ሆኖም ከዚህ በኋላ «ለመንገድ ይህን ያህል ቢሊዮን ተመደበ» ሲባል፣ በአንድ ሰው ስንት ብር እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

ካካፈሉ በኋላ ቀኑን ይመልከቱ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በ2003 ሲጀመር ወጪው 80 ቢሊዮን ብር ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ ዶላር ያን ጊዜ ወደ 17 ብር ስለነበረ ይህ ከ4.7 ቢሊዮን ዶላር ጋር ይቀራረባል። ያው 80 ቢሊዮን ብር ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በነበረው የ57 ብር ተመን ሲሰላ ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ቀንሷል። ስለዚህ የተለያየ ዓመት አኃዞችን እንደ ወረዱ ማበላለጥ ያሳስታል። የአንድ ጊዜ ወጪና በየዓመቱ የሚደጋገም ወጪም እንዲሁ ተለይተው ይጻፉ፤ ለአምስት ዓመት የተያዘ 10 ቢሊዮን በዓመት 2 ቢሊዮን ነው።

በስልክ ማስያ ለምታሰሉ አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል፦ ዜሮዎቹን ሁሉ ስትጽፉ አንድ መሳት ውጤቱን አሥር እጥፍ ያዛባል፤ አንዳንዱ ስልክም ረጅሙን ቁጥር አሳጥሮ በማይነበብ ምልክት ያሳያል። መፍትሔው ዜሮዎቹን አስቀድሞ ማስቀረት ነው። ሚሊዮን ለሚሊዮን ሲካፈል ዜሮዎቹ ይጣፋሉ፤ ቢሊዮን ለሚሊዮን ሲካፈል ሺህ ይቀራል፤ ትሪሊዮን ለሚሊዮን ሲካፈል ሚሊዮን ይቀራል። የበጀቱን ስሌት ለመድገም የሚፈልግ 1.93ን ለ110 አካፍሎ በሚሊዮን ያባዛ፤ ስልኩ ላይ የሚጽፈው ስድስት አኃዝ ብቻ ነው።