ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ምን ይደረጋል?

የሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አያደርግም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተመረቀ በኋላ ነው። ሰው ፊት ተቀምጦ ጭንቀቱን መስማት፣ መመዘንና ማከም የሚለመደው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ስልጠና ነው። ስልጠናው ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። መንገዱን ከነመታጠፊያው አስቀድሞ ማወቅ ጊዜም ገንዘብም ያድናል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ሆኖ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና የሰለጠነ ባለሙያ ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በዋናነት የሚሠራው በሥነ ልቦና ምዘናና በንግግር ሕክምና (ታካሚውን በማነጋገር በሚሰጥ ሕክምና) ነው። በአብዛኞቹ አገሮች መድኃኒት አያዝም። ልብዎ ወደ መድኃኒቱ ካደላ የሚሄዱበት በር የሕክምና ትምህርት ቤት ነው።

ከመጨረሻው ይጀምሩ

ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥዎ በፊት መሥራት በሚፈልጉበት አገር የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ምን እንደሚጠይቅ ያንብቡ። ስሙ ላይ “ክሊኒካል” የሚል ቃል ያለበት ማስተርስ ሁሉ ለፈቃድ አያበቃም። ፕሮግራሙን በቀጥታ ይጠይቁ፦ “እዚህ ተምሬ ስወጣ ለፈቃድ ማመልከት እችላለሁ?” መልሱ ከተድበሰበሰ ይጠንቀቁ።

ደንቡ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። በብሪታንያ የ3 ዓመት ዶክትሬት ይጠየቃል። በአሜሪካም በአብዛኛው ዶክትሬት ነው። በደቡብ አፍሪካ ማስተርስ፣ ከዚያ የአንድ ዓመት ኢንተርንሽፕ (የተግባር ልምምድ)፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የማኅበረሰብ አገልግሎት አለ። ዩሮሳይ የሚባለው የአውሮፓ የምስክር ወረቀት 5 ዓመት ትምህርትና አንድ ዓመት በሱፐርቪዥን፣ ማለትም ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል፣ ሥር የሚሠራ ሥራ ይጠይቃል።

በአሜሪካ ሁለት ዓይነት ዶክትሬት ያጋጥምዎታል። እ.ኤ.አ. በ1949 በኮሎራዶ ቦልደር በተደረገ ጉባኤ ባለሙያው ተመራማሪም አካሚም ሆኖ ይሠልጥን ተባለ፤ ፒኤችዲው የዚህ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል ላይ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ በተግባር ላይ ለሚያተኩረው ስልጠና ድጋፉን ሰጠ፤ ሳይዲ የሚባለው ዲግሪ በዚህ መንገድ ይሄዳል። ልዩነቱ ኪስም ይነካል። ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ድጋፍ አለው፣ ሳይዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ራሱ ይከፍልበታል።

ማመልከቻው

ከማመልከትዎ በፊት ከሰው ጋር የሚያገናኝ ሥራ ይሥሩ። በስልክ የምክር አገልግሎት፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ረዳትነት ወይም የአካል ጉዳት ካለባቸው ልጆች ጋር ሊሆን ይችላል። በምርምር ረዳትነት መሥራትም ይቆጠራል፤ በተለይ ለፒኤችዲ።

ደብዳቤው ላይ “ሰው መርዳት እወዳለሁ” ብቻ ብለው አይለፉ። ሁሉም ያንኑ ነው የሚጽፈው። ይልቅ ያዩትን አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ ምን ግራ አጋባዎት፣ ምን አደረጉ፣ ዛሬ ቢሆን ምን ይለውጣሉ? እርስዎ ራስዎ በጭንቀት ወይም በድብርት አልፈው ከሆነ መጥቀሱ ነውር አይደለም። ግን ሕመሙን ከመተረክ ይልቅ ለሥራው ምን እንዳስተማረዎት ይጻፉ።

ፕሮግራም ሲያወዳድሩ እኔ ከሕንፃውም ከስሙም በፊት የምጠይቀው ሱፐርቪዥኑን ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? ለብቻ ነው በቡድን? ሱፐርቫይዘሩ ሥራዎን ያያል ወይስ የሚነግሩትን ብቻ ይሰማል? ይህን አሁን እዚያ ለሚማሩ ተማሪዎችም ያቅርቡላቸው። እውነቱ ከእነሱ ይገኛል።

ስልጠናው ውስጥ

የክፍል ትምህርቱን ለመድገም ጊዜ አላጠፋም። ሕመሞች ተለይተው የሚሰየሙባቸውን ሁለት መመሪያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ በ2022 የተሻሻለውን ዲኤስኤም 5ን እና እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውን አይሲዲ 11ን ይማራሉ። የንግግር ሕክምና ዘዴዎችን፣ ስታቲስቲክስንና ሥነ ምግባርን ይማራሉ። ምዘናው ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የማሰብ ችሎታ ፈተና በአንድ አገር ሕዝብ ላይ ተሞክሮ የተዘጋጀ ከሆነ ለሌላ ሕዝብ ቃሉን መተርጎም ብቻ አይበቃም። ውጤቱ የሚነበበው ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ይህን ጥያቄ ያልለመደ ሰልጣኝ ጤነኛውን ልጅ ችግር አለበት ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ሌላው ከባድ ነገር ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ነው። አዲስ ሰልጣኝ ቃሉ አፉ ላይ ይያዝበታል። “ሐሳቡን አስገባበት ይሆን?” ብሎ ይፈራል። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ጥናቶች አሳይተዋል፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ጠያቂ በማግኘቱ ይቀለዋል። ስለዚህ ከጓደኛዎ ጋር እየተለዋወጡ ጮክ ብለው ይለማመዱት፦ “ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?” አፍዎ እስኪለምደው ድረስ ይደጋግሙት። ቀጥሎ የሚመጡትንም አብረው ይለማመዱ፦ እቅድ አለ ወይ? መሣሪያው እጁ ላይ ነው ወይ? አሁን ከጎኑ ማን አለ? አደጋ ካዩ ብቻዎን አይያዙት፤ ወዲያው ለሱፐርቫይዘርዎ ይደውሉ።

ወደ ሱፐርቪዥን ልመለስ፤ የስልጠናው ልብ ያለው እዚያ ነውና። አንድ ሰልጣኝ “ዛሬ ስለ እንቅልፍ ችግሯ ተነጋገርን” ብሎ ማስታወሻ ጻፈ እንበል። በታካሚዋ ፈቃድ የተቀዳው ድምፅ ሲደመጥ ግን ሌላ ነገር አለ። ሴትየዋ በመሃል “አባቴ ከሞተ ወዲህ…” ብላ ነበር። ሰልጣኙ ቶሎ ብሎ “ስንት ሰዓት ይተኛሉ?” ሲል ጠየቃት። ሰምቷታል፤ ግን ሐዘኑን ሸሸ። ማስታወሻው ላይ ይህ የለም፤ የሚያውቀው ቅጂው ብቻ ነው። ስለዚህ ለሱፐርቫይዘርዎ ጥሩ የሠሩበትን ሳይሆን የተደናበሩበትን ደቂቃ ይዘው ይሂዱ። ያፍራሉ፣ ይከብዳል። የሚማሩት ግን እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። ሱፐርቫይዘሩ የሚያሸማቅቅ ሰው ከሆነና እየደበቁት መሆኑን ካወቁ የፕሮግራሙን ኃላፊ በጊዜ ያነጋግሩ። የተደበቀ ስህተት ታካሚውን ይጎዳል።

ለምርምሩ ትንሽ ጥያቄ ይምረጡ። ከታካሚዎች መረጃ መሰብሰብ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህም ካሰቡት በላይ ይቆያል። ማመልከቻውን በጊዜ ያስገቡ።

ኢንተርንሽፕና ፈቃድ

በአሜሪካ ኢንተርንሽፑ በተለምዶ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። የፈቃድ ፈተናው 225 ጥያቄ አለው፤ ነጥብ የሚያዝላቸው 175ቱ ናቸው። የሚፈተኑት የትም ይሁን የት፣ የሠሩትን ሰዓት በየሳምንቱ ይመዝግቡ፦ ከታካሚ ጋር፣ በምዘና፣ በሱፐርቪዥን ያሳለፉትን ለየብቻ። ወዲያው ያስፈርሙ። ከ3 ዓመት በኋላ ሱፐርቫይዘሩ ሥራ ቀይሮ፣ አገር ለቆ ሊሆን ይችላል። የኮርስ ዝርዝርዎን ከነማብራሪያው ያስቀምጡ፤ ሌላ አገር ሲያመለክቱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።