«መኪና ይፈጥናል» ከማለትሽ በፊት ለኪ

የልብስ ስፌት ማሽኔ ከትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ነው። ልጆቹ መንገድ ሲሻገሩ ሥራዬን አቁሜ ቀና እላለሁ። ልቤ አያርፍም። ሦስት ጊዜ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ «መኪና ይፈጥናል» አልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «እናየዋለን» ተባልኩ። በአራተኛው ጊዜ የለካሁትን ቁጥር ይዤ ሄድኩ፤ ሰሚ ያገኘሁት ያኔ ነው። አንቺንም እንዲህ የሚያሳስብሽ መንገድ ካለ መጀመሪያ ለኪ።

ገመድ ላይ 10 ሜትር ለክተሽ ምልክት አድርጊና በመንገዱ ዳር አምስት ጊዜ ዘርጊው። 50 ሜትር ሆነ። መነሻውንና መድረሻውን በኖራ አስምሪ። አስፋልቱ ውስጥ እንዳትገቢ፣ አደራ። ከዚያ የስልክሽን ሰከንድ መቁጠሪያ ክፈቺ። የመኪናው የፊት ጎማ መነሻው ጋ ሲደርስ አስጀምሪ፣ መድረሻው ጋ ሲደርስ አቁሚ። 180ን ለቆጠርሽው ሰከንድ አካፍዪ። የሚወጣው የመኪናው ፍጥነት ነው፣ በሰዓት በኪሎ ሜትር። 6 ሰከንድ ከፈጀ 30 ነው። 3.6 ከፈጀ 50 ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው 2 ሰከንድ ከግማሽ አይሞላም። በ50 የተገጨ ሰው ግን የመሞት ዕድሉ በ30 ከተገጨው እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ስቶክሆልም ላይ የተካሄደው የመንገድ ደህንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ ጠይቋል። እኔ ይህንን ለቢሮው በጻፍኩት ደብዳቤ ውስጥ ጠቀስኩት። አንቺም ጥቀሺው።

የሚከንፈውን ብቻ መርጠሽ አትመዝግቢ። እኔ አምስት ቀን ሙሉ፣ በትምህርት መግቢያ ሰዓት፣ ያለፈውን ሁሉ መዘገብኩ፤ ቀስ ብሎ የሄደውንም። እኔ ሰከንዱን እጠራለሁ፣ ጎረቤቴ ትጽፋለች። የሰሌዳ ቁጥር ግን አልያዝንም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሹፌሩ የደንበኛሽ ባል ነው፣ ወይ የራስሽ ወንድም። ስሙ ከተነሳ ነገሩ ጠብ ይሆናል፣ መንገዱም ይረሳል። ስም ስላልነካን ሹፌሮቹ ራሳቸው ደብዳቤው ላይ ፈረሙልን። ከወላጆቹ ፊርማ ይልቅ የእነሱ ፊርማ የረዳን ይመስለኛል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የምትጠይቂውም አንድ ነገር ይሁን፤ እኛ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብቻ ጠየቅን። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂና አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስጽፈሽ፣ አስፈርመሽ ያዢው። ተመልሰሽ ስትሄጂ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ቢሉሽ እሱን ታሳያለሽ። ኃላፊውን ገበያ ውስጥ ብታገኚው ሰላም በዪውና እለፊ። ጉዳይሽን ቢሮው ገብተሽ አንሺ።

ጉብታው ከተሠራ በኋላ ገመዱን አውጥቼ እንደገና ለካሁ። አሁን አብዛኛው መኪና ከ7 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ያንንም ጽፌ ከምስጋና ጋር ወሰድኩላቸው።