ለፈረስ ግልቢያ መጽሔት የሽፋን ፎቶ ስትመርጡ

መጀመሪያ የፈረሱን ጆሮ እዩ። ወደፊት የተቀሰረ ጆሮ ንቁ ፈረስ ያሳያል። ወደ ኋላ የተለጠፈ ከሆነ ግን መልክዓ ምድሩ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት፤ ፈረስ የሚያውቅ አንባቢ ቁጣውን ወይም ሕመሙን ወዲያው ይለየዋል። ቀጥሎ ፎቶውን አጉልታችሁ ዓይኑን ተመልከቱ። ፎከሱ ጋማው ላይ አርፎ ዓይኑ ከደበዘዘ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

ከዚያ ጋላቢው። የሄልሜቱ ማሰሪያ ተቆልፏል? እርካቡን የረገጠው በእግሩ የፊት ክፍል ነው? እግሩ እስከ ተረከዙ ከገባ ሲወድቅ እርካቡ ይዞት ይጎተታል፤ ይህን ሽፋን ላይ ማውጣት ጀማሪን ስህተት ማስተማር ነው። የተጠማዘዘ ዛብም (ጋላቢው ፈረሱን የሚመራበት ጠፍር) አይታለፍ።

ከላይ ሩብ ያህሉ ሰማይ ወይም የደበዘዘ ጫካ ቢሆን የመጽሔቱ ስም ጆሮውን ሳይሸፍን ያርፋል። ታች አንዱን ጥግ ለባርኮድ ተዉ። ፈረሱ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ገጹ ወደሚገለጥበት ጠርዝ ቢያይ ይመረጣል።

ለኤ4 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል፤ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር የቆረጣ ትርፍ (ከታተመ በኋላ ተቆርጦ የሚወጣ ጠርዝ) ሲጨመር 2551 በ3579 ይሆናል። በ24 ሜጋፒክስል በአግድም የተነሳ ፎቶ በቁመት ቢቆረጥም መጠኑ ይበቃል፤ ችግሩ ጅራት ወይም ኮቴ አብሮ መቆረጡ ነው። በስልክ ሰፊ ሌንስ ከቅርብ የተነሳ ፈረስ ጭንቅላቱ ገዝፎ እግሩ ስለሚያንስ አይመከርም።

ጥቁርና ዳማ ፈረስ ሕትመት ላይ ከስክሪኑ ይበልጥ ይጠቁራል። የፎቶውን ጥቁር ክፍሎች ትንሽ ብሩህ አድርጉና ከማተሚያ ቤቱ የሙከራ ቅጂ አስወጡ።