ሕገ መንግሥቱን እንዴት እናንብበው?

አንቀጽ 39ን በቁጥሩ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ይነሳል። "ንዑስ አንቀጽ 4ስ ምን ይላል?" ሲባል ግን ክርክሩ ይቀዘቅዛል። የመገንጠል መብት የሚፈጸምበት መንገድ የተዘረዘረው እዚያ ነው፦ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ ጥያቄው በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት፣ የንብረት ክፍፍልም አለ። ደጋፊም ተቃዋሚም ብዙውን ጊዜ እዚህ ድረስ አይዘልቅም።

መጀመሪያ ጽሑፉን ያዙ። "አዋጅ ቁጥር 1/1987" ብላችሁ ብትፈልጉ ፒዲኤፉ ይገኛል። እኔ የወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ መጻፍ ይቻላል። ቲክቶክ ላይ በአንድ ደቂቃ የሚያብራሩትን ለጊዜው ተዉአቸው። አማርኛ አንባቢ ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ። አንቀጾቹ 106 ናቸው፤ ከመግቢያው የተነሳ ሰው ሰንደቅ ዓላማው ጋ ሲደርስ ይታክተዋል። ምዕራፍ ሦስትን ክፈቱ። ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው ስለ መብቶቻችሁ ነው።

አስቸጋሪው ሥራ አንዱን አንቀጽ እስከ ጅራቱ ማንበብ ነው። አንቀጽ 19ን እንውሰድ። "ፖሊስ ከ48 ሰዓት በላይ ማሰር አይችልም" ሲባል ሰምታችኋል። ስንቅ ይዘው ጣቢያ የሚመላለሱ ዘመዶች ሰዓቱን ቆጥረው "ዛሬ ይፈታል" ብለው ይጠብቃሉ። ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለው ግን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ነው። ስለ መፈታት አላወራም። ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜም አይቆጠርም።

ወደ ንዑስ አንቀጽ 4 ውረዱ። ያልቀረበ ሰው ፍርድ ቤቱ አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ለምርመራ አስፈላጊ የሆነውን ያህል ጊዜ በጥበቃ ሥር እንዲቆይ ማዘዝ ይችላል። ቤተሰብ "ቀጠሮ ተሰጠበት" የሚለው ይህንን ነው። ዋስትናም ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ መብት ሆኖ ተቀምጦ፣ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ሊከለከል እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። በየአንቀጹ መብቱን አንድ ጊዜ፣ ገደቡን ሁለት ጊዜ አስምሩ። አሰልቺ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

ዘመድና ጠበቃ እንዲጎበኝ የሚፈቅደውን አንቀጽ 19 ውስጥ ፈልጋችሁ ካጣችሁት፣ ያለው አንቀጽ 21 ላይ ነው።

ከዚያ እርሳሱን ይዛችሁ አንቀጽ 93ን ክፈቱ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ የማይነኩት እዚህ ተቆጥረዋል፦ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25፣ እንዲሁም 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። እነዚህን አክብቡ። 19 ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለእኔ ከሰነዱ ሁሉ በደንብ መታወቅ ያለበት ገጽ ይህ ነው።

አንቀጽ 47 ዘጠኝ ክልሎችን ሲዘረዝር የያዛችሁት እትም ያረጀ አይምሰላችሁ። ንዑስ አንቀጽ 2 እና 3 አዲስ ክልል የሚመሠረትበትን መንገድ አስቀምጠዋል፤ ሲዳማ በ2012 ክልል የሆነው በዚያ በኩል ነው።

"መብቴ ተጣሰ፣ ሕገ መንግሥቱ ይተርጎምልኝ" የምትሉ ከሆነ አንቀጽ 62 እና 84ን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው መደበኛው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያየው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ትርጉም አያስፈልግም ካለ፣ ያልተስማማ ወገን ለፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ይግባኝ ይላል።