ፕሮፌሽናል ዳርት ተጫዋች መሆን የሚፈልጉ ልጆች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ፕሮፌሽናል እሆናለሁ ብሎ የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ሊያሳየኝ የሚፈልገው 180 ነው። በአንድ ተራ የሚወረወሩትን ሦስቱንም ዳርት (ትንንሽ ቀስት) ትሪፕል 20 ላይ፣ ማለትም 20 ሦስት እጥፍ የሚቆጠርባት ጠባብ ቦታ ላይ፣ ይሰካና ዞር ብሎ ፊቴን ያያል። ደስ ይላል፣ አጨበጭብለታለሁም። ከዚያ «40 ቀርቶሃል፣ ጨርስ» እለዋለሁ። ጉዱ የሚፈላው ያኔ ነው።

ደብል (ነጥቡ እጥፍ የሚቆጠርበት የሰሌዳው ዳር ቀለበት) አለመለማመድ፦ ይህን መናገር ሰልችቶኛል፣ ግን የሚሰማ እስኪገኝ እናገራለሁ። ጨዋታው ከ501 ተነስቶ ዜሮ መድረስ ነው። የመጨረሻዋ ዳርት ደብል ወይም መሀል ቡሉ (የሰሌዳው እምብርት፣ 50 ነጥብ) ላይ ካላረፈች ሌጉ (አንዱ ዙር ጨዋታ) አይዘጋም። ከቀረህ ነጥብ በላይ ከመታህ ወይም 1 ካስቀረህ የዚያ ተራህ ውርወራ በሙሉ ይሰረዛል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ልምምዱን አያችሁት እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ትሪፕል 20 ነው። ለምን? 180 ሲመታ ይጮህለታል፣ ደብል 8 ሲመታ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። ሉክ ሊትለርን እንኳ ተመልከቱ። በ16 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ 4 ለ 2 እየመራ፣ 5 ለ 2 የምታደርገውን ዳርት ደብል 2 ላይ ሳታት። ተጋጣሚው ሉክ ሀምፍሪስ ከዚያ በኋላ ያለውን ጠራርጎ 7 ለ 4 አሸነፈ። ሊትለር በዓመቱ ተመልሶ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለተኛ ዕድል የማያገኘው ግን ይበዛል። ስለዚህ ከልምምድህ ግማሹ ደብል ይሁን። አይደለም የሚለኝ ካለ 40 አስቀርቼ አስወረውረዋለሁ።

ሒሳብ አለመቻል፦ 303 ቀርቶሃል እንበል። ትሪፕል 20፣ ትሪፕል 20፣ ቀሪው 183 ሆነ፣ እጅህ ላይ አንድ ዳርት አለች። ሰው ሁሉ «180!» እያለ ነው። ጀማሪው ሳያስብ እዚያው ይወረውራል። ትሪፕሏን ስቶ ነጠላ 20 ቢመታ 163 ይቀረዋል፣ 163 ደግሞ በሦስት ዳርት አይዘጋም። ወደ 19 ቢዞር ኖሮ ነጠላዋም 164 ታስቀርለት ነበር፣ እሱ ይዘጋል፦ ትሪፕል 19፣ ትሪፕል 19፣ ቡል። በሦስት ዳርት የሚዘጋው ትልቁ ቁጥር 170 ነው፤ ከዚያ በታች 169፣ 168፣ 166፣ 165፣ 163፣ 162 እና 159 አይዘጉም። ሰባቱን በቃልህ ያዝ። መድረክ ላይ ቆሞ ጣት መቁጠር አይቻልም።

ከዚሁ ጋር፣ ምርጫ ካለህ 32 አስቀር። ደብል 16ን ስተህ ነጠላዋን ብትመታ ደብል 8 ይጠብቅሃል፣ ከዚያ ደብል 4፣ ደብል 2፣ ደብል 1። 38 አስቀርተህ ደብል 19ን ፈልገህ ነጠላውን ብትመታ ግን 19 ይቀርሃል፣ ጎዶሎውን ለማስተካከል ሌላ ዳርት ታቃጥላለህ።

በተሸነፉ ቁጥር ዳርት መቀየር፦ ተው።

መጠጥ፦ መድረክ ላይ ብርጭቆ ይዞ መውጣት ከቀረ ቆየ፣ አንተም ከድሮ ፎቶ አትማር።

እጅ አልለቅ ሲል መደበቅ፦ ዳርታይተስ ይሉታል። ክንድህ ይነሳል፣ ጣቶችህ ግን ዳርቷን አይለቁም። አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኤሪክ ብሪስቶው ሳይቀር ደርሶበታል። ቤሪ ቫን ፒር እ.ኤ.አ. በ2017 በቴሌቪዥን ፊት እጁ እየታሰረበት እንባውን እየዋጠ ወረወረ፣ ከዚያ በኋላም መጫወቱን አላቆመም። እኔ የማያቸው ልጆች ግን «ትከሻዬን አሞኝ ነው» እያሉ ወራት ያሳልፋሉ። ለሚያሠለጥንህ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ንገረው።

ቱር ካርድን (የፕሮፌሽናል ውድድሮች መጫወቻ ፈቃድን) እንደ ደመወዝ መቁጠር፦ ካርዱ 128 ሰው ብቻ የሚይዘው ነው፣ ኪው ስኩል በሚባለው ማጣሪያ ላይ ያገኘው ሰው ለሁለት ዓመት ይጫወትበታል። ደመወዝ የለውም። ጉዞው፣ ሆቴሉ፣ ምግቡ ከኪስህ ነው፣ በብዙ ውድድርም በመጀመሪያው ዙር የወደቀ የሚያገኘው የለም። ደረጃውም የሚወጣው ባለፉት ሁለት ዓመታት ባገኘኸው የሽልማት ገንዘብ ድምር ስለሆነ፣ ዛሬ ያስደሰተህ ድል ሁለት ዓመት ሲሞላው ከሒሳብህ ይወጣል። ሮብ ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2018 መባቻ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ 400,000 ፓውንድ ወሰደ። ገንዘቡ ከድምሩ ሊወጣ ሲል በዚያው ሻምፒዮና በመጀመሪያ ጨዋታው ተሸነፈ፣ ደረጃውም ወረደ። ሻምፒዮኑ እንዲህ ከሆነ 60ኛ ላይ ያለውን አስቡት።

ካርድ ባገኘ ማግስት ከሥራው መልቀቂያ ሊያስገባ የሚቸኩል ልጅ ሲመጣብኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያው ዙር እየወደቅህ ስንት ወር በራስህ ገንዘብ ልትጓዝ ትችላለህ? እስካሁን ወዲያው የመለሰልኝ የለም።