ሜዳው፣ ክፍሉና ክፍያው፦ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርተኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርተኛ በስሙና በምስሉ ማስታወቂያ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ይችላል። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ «ሃውስ» በሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ ሊከፍለው ተፈቅዷል (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ገንዘቡ መጣ ተብሎ ግን የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር (ኤንሲኤኤ) የድሮ ሕጎች አልተነሡም። የክሬዲት ቆጠራው፣ የጂፒኤው ወለልና የልምምድ ሰዓቱ ገደብ እንዳሉ ናቸው። ልጆቻቸው ለኮሌጅ የሚሮጡላቸው ወይም ኳስ የሚጫወቱላቸው ቤተሰቦች በአብዛኛው የሚሳሳቱት ትምህርቱን፣ ስፖርቱንና ክፍያውን ለየብቻ ስለሚያዩ ነው። ክሬዲት ከጎደለ መጫወት ይቀራል፤ መጫወት ከቀረ ክፍያው አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ኤፍ-1 የተባለው የተማሪ ቪዛ ላለው ደግሞ በአገሪቱ የመቆየት መብቱም አብሮ ይናጋል። ስለዚህ መነሻው ክሬዲቱ ነው።

አሥራ ሁለት ክሬዲት ይበቃል ብሎ መቀመጥ

የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን ቁጥር ግብ ያደርጉታል። በሁለት ሴሚስተር 24 ይሆናል፤ ሁለተኛ ዓመት ለመግባት የሚጠየቀውም ልክ 24 ነው። አንድ ኮርስ ቢወድቅ የሚሸፍን ትርፍ የለም። በ15 የሚጀምር ተማሪ ግን አንዱን ኮርስ ቢያጣ እንኳ 12ቱ ይተርፉታል።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በዲቪዥን 1 (በከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ) ሦስተኛ ዓመት ከመጀመሩ በፊት የዲግሪው 40 በመቶ፣ ከአራተኛው በፊት 60፣ ከአምስተኛው በፊት 80 በመቶ መጠናቀቅ አለበት። ዲግሪው 120 ክሬዲት ከሆነ 48፣ 72 እና 96 ማለት ነው። ሜጀሩም (ዋናው የትምህርት ዘርፍ) ሦስተኛው ዓመት ሳይጀመር መታወቅ ይኖርበታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚቆጠረው ለተመረጠው ሜጀር የሚሆነው ክሬዲት ብቻ ነው።

ልጆችን የሚጥለው ይኸኛው ነው። አንድ ተማሪ በሁለት ዓመት 54 ክሬዲት ሰብስቦ፣ ሁሉንም አልፎ፣ ጂፒኤውም ደህና ሆኖ ሜጀሩን ወደ ምህንድስና ቀየረ እንበል። ከ54ቱ ውስጥ አዲሱ ክፍል የሚቀበለው 38ቱን ብቻ ከሆነ ከ48ቱ 10 ጎደለው። በአንድ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ዕረፍት) ሦስት ወይም አራት ኮርስ ካልወሰደ በመጪው ወቅት አይሰለፍም። ሜጀር መቀየር ነውር የለበትም፤ ፎርሙ ከመፈረሙ በፊት ግን ሁለት ሰዎች መጠየቅ አለባቸው። አንደኛው የስፖርት ክፍሉ የትምህርት አማካሪ ነው፤ ሁለተኛው የአዲሱ ሜጀር አማካሪ። «ካሉኝ ክሬዲቶች ስንቱን ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በኢሜይል መያዝ ያስፈልጋል። የስፖርት አማካሪው የሚያየው መሰለፍ መቻልን ነው፤ ዲግሪው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ሁለተኛው ነው።

ጂፒኤም የራሱ ወለል አለው። ዩኒቨርሲቲው ለምረቃ 2.0 የሚጠይቅ ከሆነ ሁለተኛ ዓመት ለመጀመር 1.8፣ ሦስተኛን 1.9፣ አራተኛን 2.0 ያስፈልጋል።

ላብራቶሪ ያለበትን ሜጀር መፍራትም ሌላ ስህተት ነው። የከሰዓት ላብራቶሪ ከልምምድ ጋር ስለሚጋጭ ብዙ ልጆች የሚወዱትን ትተው ቀላል የተባለውን ይመርጣሉ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ኑጉሴ በኖትር ዳም ባዮኬሚስትሪ እየተማረ በ2019 የኮሌጆችን የ1500 ሜትር ሻምፒዮና አሸንፏል፤ በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት የኦሊምፒክ ነሐስ ወስዷል። በቅድሚያ የመመዝገብ መብት በሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ምዝገባው በተከፈተበት ሰዓት የጠዋቱን ላብራቶሪ መያዝ ይቻላል። ሯጮች ደግሞ በልግ (ከሴፕቴምበር) አገር አቋራጭ፣ ክረምት (ከዲሴምበር) የቤት ውስጥ፣ ፀደይ (ከማርች) የሜዳ ውድድር ስላለባቸው ዕረፍት የሚባል ሴሚስተር የላቸውም፤ ከባዱን ላብራቶሪ ወደ በጋ ማዛወር ለእነሱ የተሻለው መንገድ ነው።

ገና ሃይስኩል ላይ ላሉት ደግሞ፦ ዲቪዥን 1 የሚጠይቀው 16 ዋና ኮርሶችንና በእነዚያ ላይ 2.3 ጂፒኤ ነው። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩ ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ ይሆናሉ። የወረደውን ውጤት በ12ኛ ክፍል አስተካክለዋለሁ ብሎ መተው ብዙ ልጆችን አስቀርቷል።

«በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው» የሚለውን ማመን

ሕጉ በውድድር ወቅት ልምምድን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንም ያዝዛል። ነገር ግን የውድድር ቀን ሙሉ ቀን ቢወስድም የሚቆጠረው 3 ሰዓት ሆኖ ነው። ጉዞ፣ የፊዚዮቴራፒ ጊዜ፣ «በፈቃደኝነት» የሚባለው ተጨማሪ ልምምድ ጭራሽ አይቆጠሩም። 12 ክሬዲት ማለት 12 ሰዓት ክፍል ሲሆን ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ጥናት ሲታሰብ 36 ይደርሳል። ልምምዱ፣ ሕክምናውና አውቶቡሱ ሲደመሩ ሳምንቱ በቀላሉ 70 ሰዓት ይሞላል።

ስለዚህ ፕሮግራም የሚሠራው ሴሚስተሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የየኮርሱን ሲላበስና የውድድር መርሐ ግብሩን ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ፈተናና ጉዞ የተደራረቡባቸውን ቀኖች ምልክት አድርጎ፣ ከስፖርት ክፍሉ የሚሰጠውን የጉዞ ደብዳቤ ይዞ መምህሩን በዚያው ሳምንት ማነጋገር ይገባል። ሐሙስ ለሚነሣ አውቶቡስ ረቡዕ ማታ ኢሜይል የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ ፈተናውን ያጣል። ለልምምድ ተብሎ ክፍል መቅረትን ሕጉ እንደማይፈቅድም ማወቅ ይጠቅማል፤ የሚፈቀደው ከሜዳ ውጭ ለሚደረግ ውድድር በሚጓዙበት ጊዜ ነው።

«ስኮላርሺፕ» ሲባል ሙሉ መስሎ መታየት

ይህ በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ትልቁ ድንጋጤ የሚመጣበት ቦታ ነው። በትራክ፣ በአገር አቋራጭና በእግር ኳስ አብዛኛው ስኮላርሺፕ ከፊል ነው። የዓመት ወጪው 60,000 ዶላር በሆነ ትምህርት ቤት 25 በመቶ ማለት 15,000 ነው፤ ቀሪው 45,000 በዓመት፣ በአራት ዓመት 180,000 ይሆናል። ዲቪዥን 3 እና አይቪ ሊግ (የስምንት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) ደግሞ ለስፖርት ብለው ምንም ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ የሚሰጡት እርዳታ በሌላ መስፈርት ነው።

የሃውስ ስምምነትን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ ተነሥቶ በቡድን አባላት ገደብ ተተክቷል፦ አገር አቋራጭ 17፣ ትራክ 45፣ እግር ኳስ 28። ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን እቀላቀላለሁ ለሚል ልጅ ይህ በሩን አጥብቦታል። በቀጥታ የሚከፈለውም ገንዘብ ቢሆን ለ2025–26 በአንድ ትምህርት ቤት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ሲባል የሚያጓጓ ቢሆንም አብዛኛው የሚሄደው ወደ አሜሪካ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ሯጭ ልጅ ያለው ወላጅ በዚህ ገንዘብ ላይ ተመሥርቶ የቤት በጀት ማውጣት የለበትም። አሰልጣኙን መጠየቅ ያለበት ይህን ነው፦ ስንት በመቶ ነው? ለስንት ዓመት ነው? ቢጎዳ ወይም አሰልጣኙ ቢቀየር ምን ይሆናል?

በቃል ላይ መተማመን፣ ውልን ሳያነቡ መፈረም

በሴፕቴምበር 2024 የላስ ቬጋሱ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ (የማጥቃቱ መሪ ተጫዋች) ማቲው ስሉካ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ሳለ ቡድኑን ለቀቀ። የእሱ ወገን 100,000 ዶላር በቃል ተገብቶለት እንደነበር ተናገረ፤ ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለውም። ወረቀት ስላልነበረ ክርክሩ ያለ ማስረጃ ቀረ።

ወረቀት ሲኖርም ማንበብ ያስፈልጋል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ፉትቦል ተጫዋች ጀርቮን ዴክስተር በ2022 436,485 ዶላር ተቀብሎ የፈረመው ውል ወደፊት ከኤንኤፍኤል (ከፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊጉ) ከሚያገኘው ገቢ ላይ፣ ግብር ሳይነሣ፣ 15 በመቶ ለ25 ዓመት እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነበር፤ በ2023 ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶታል። እንደ ትልቅ ኮከብ ባይሆንም፣ ለአንድ ምግብ ቤት ማስታወቂያ የሚሠራ ልጅም ውሉ ውስጥ የሚከተሉትን ይፈልግ፦ ውሉ የሚያበቃበት ቀን (ከምረቃ ማለፍ የለበትም)፣ ምስሉን «ለዘለዓለም» ለመጠቀም የሚፈቅድ ሐረግ መኖር አለመኖሩ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር እንዳይሠራ የሚከለክል አንቀጽ፣ ክፍያው የሚገባበት ቀን፣ የወኪሉ ድርሻ። የጫማ ማስታወቂያ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ከሌላ ጫማ አምራች ጋር ካለው ውል ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ካለ ከፋይ ጋር የተደረገ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል፣ ከአንድ ከፋይ የመጡ ትናንሽ ክፍያዎች ተደምረው እዚያ ቢደርሱም፣ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ «ኤንአይኤል ጎ» በሚባለው ሥርዓት መመዝገብ አለበት። ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ማለት የመጫወት መብትን አደጋ ላይ ይጥላል።

የመጣውን ሁሉ እንደ ኪስ ገንዘብ ማውጣት

የማስታወቂያ ገንዘብ ግብር ሳይቀነስለት ነው የሚመጣው። 10,000 ዶላር ተቀብሎ 1,000 ዶላር ወጪ ያወጣ ተማሪ 9,000 የተጣራ ገቢ አለው። የፌዴራል ገቢ ግብሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ በግሉ ለሚሠራ ሰው የሚጣለው 15.3 በመቶ ግን ከ9,000ው 92.35 በመቶ ላይ ይታሰባልና ወደ 1,272 ዶላር ይከፍላል። ዕዳው 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ እንደሚሆን ከተገመተ ክፍያው በአራት ጊዜ ነው፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15። ክፍያው በገባ ቀን ከ25 እስከ 30 በመቶውን ወደ ሌላ አካውንት ማዛወር ያሳርፋል። በነፃ የተሰጠ ዕቃ፣ በማስታወቂያ ምትክ ከመጣ፣ በገበያ ዋጋው ገቢ ነው፤ ከከፋዩ የግብር ቅጽ ባይላክም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ስኮላርሺፕ ከሆነ ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለው ከግብር ነፃ ነው፤ ለመኝታና ለምግብ የዋለው ግን አይደለም።

ገቢው በፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይም ይወጣል። የ2025 ገቢ የሚታየው በ2027–28 ማመልከቻ ነውና የፔል ግራንት (አነስተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የፌዴራል እርዳታ) የሚያገኝ ተማሪ ሁለት ዓመት ቀድሞ ማሰብ አለበት።

በኤፍ-1 ቪዛ እንደ ቡድን ጓደኛ መሥራት

ከኢትዮጵያ በኤፍ-1 የመጣ ሯጭ ጓደኛው በኢንስታግራም ማስታወቂያ ሠርቶ 500 ዶላር ሲያገኝ ቢያይ እሱም ይችላል ማለት አይደለም። ከካምፓስ ውጭ ያለ ፈቃድ መሥራት የቪዛውን ደንብ መጣስ ነው፤ በካምፓስ ውስጥም በትምህርት ወቅት ጣሪያው በሳምንት 20 ሰዓት ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ ስለ ስፖርተኞች የማስታወቂያ ገቢ የተለየ ግልጽ አንቀጽ የለውም፤ አሰልጣኝ «ችግር የለውም» ማለቱ ፈቃድ አይሆንም። ኮንጓዊው የኬንታኪ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኦስካር ቺብዌ በ2022 ቡድኑ ባሃማስ በሄደ ጊዜ የማስታወቂያ ሥራዎቹን እዚያው ሠርቷል፤ ሥራው ከአሜሪካ ምድር ውጭ ስለተሠራ ነው። ለዕረፍት አዲስ አበባ የሚሄድ ልጅም ይህን መንገድ ሊያስብ ይችላል፤ ከመፈረሙ በፊት ግን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮውንና የኢሚግሬሽን ጠበቃን ያማክር።

ኮርስ ድሮፕ ማድረግም ለእሱ የተለየ ክብደት አለው። ከ12 ክሬዲት በታች ለመውረድ የቢሮው ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለሙሉ ጊዜው የሚቆጠርለትም በሴሚስተር አንድ የኦንላይን ኮርስ ብቻ ነው። ለመኝታና ለምግብ ከሚሰጠው ስኮላርሺፕ ላይ 14 በመቶ ይቆረጣል፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ ከዚህ የሚያድን የግብር ስምምነት የላቸውም።

ጉዳትን መደበቅ

ቦታዬን አጣለሁ ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ ገንዘብም ያጣል። በዲቪዥን 1 በስፖርቱ ምክንያት የመጣ ጉዳት ሕክምና ተማሪው ከቡድኑ ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሸፈናል፤ ጉዳቱ በስፖርቱ የመጣ መሆኑን የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ግን ጥያቄውን ማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ ሕመሙ በተሰማ ቀን ለቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ነግሮ መመዝገቡን ማረጋገጥ፣ የምርመራ ውጤቱንም ቅጂ ቤት ማስቀመጥ ነው።